በታሚል አገር ለከብቶች ስለሚደረገው የክብር በዓል

በሕንድ አገር በደቡብ ጫፍ ታሚል ናዱ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ዋና ከተማው ቼናይ ነው፤ ይህም በኤውሮጳ አቈጣጠር እስከ 1996 ዓመት ድረስ ማድራስ ይባል የነበረው ነው። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚህ ከተማ በባቡር ተሳፍሮ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ግማሽ ቀን ያህል ከተጓዘ በኋላ፥ ካቬሪ የተባለው ወንዝ ብዙ ቅርንጫፍ ሆኖ ወደ ባሕር ከሚከፋፈልበት ሜዳ ይደርሳል። ይህ ሜዳ የታሚል ሕዝብ የሩዝ ጎተራ ነው። ወራቱ ጥር የሆነ እንደ ሆነ አንዱ ማሳ ገና ቢጫ ሆኖ፥ ሁለተኛው እየታጨደ፥ ሦስተኛውም ቃርሚያ ብቻ ቀርቶበት ይታያል፤ በየመንገዱም ዳር ሸንኮራ አገዳ በእስር በእስር ቆሞ ይሸጣል። እኔም በዚህ ወራት ታንጃቩር ከሚባለው ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት መንደር በአንድ ገበሬ ቤት ተቀምጬ ነበርና፥ ያየሁትንና የሰማሁትን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ለማጫወት ወደድሁ።

በዓሉ ፖንጋል ይባላል። የሚጀመረው ታይ የሚሉት ወራቸው ሊገባ ሲል ነው። ታይም በኤውሮጳ አቈጣጠር በዓመቱ መጀመሪያ ወር በ14 ወይም በ15 ቀን ሲገባ፥ በእኛ አቈጣጠር ጥር 6 ወይም 7 ቀን ይውላል። ስለዚህ እኛ ለጥምቀት በምንሰናዳበት ሰሞን እነርሱ መከራቸውን አስገብተው ያመሰግናሉ። በዓሉ አራት ቀን ነው። በፊተኛው ቀን አሮጌውን ምንጣፍ፥ ያለቀውን መጥረጊያና ብጫቂውን ልብስ ከደጅ አውጥተው ያቃጥላሉ፤ ቤቱንም ኖራ ይቀባሉ። ሁለተኛው ቀን የፀሓይ ነው። ሦስተኛው የከብቶች ነው፤ ማቱ ፖንጋል ይሉታል፤ ዛሬ ልጽፍለት ያሰብሁትም ይህ ነው። አራተኛው ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቅበት ቀን ነው።

የከብቶቹ ቀን ከመድረሱ አስቀድሞ ግን ስለ ማሰሮው ጥቂት ልናገር፤ የቤት እመቤቶች ያለዚህ አይለቁኝምና። በሁለተኛው ቀን ማለዳ የቤቱ ሴቶች በደጃፉ መሬት ላይ በሩዝ ዱቄት ኮላም የሚባል ልዩ ልዩ ሐረግ ይሥላሉ። አዲስ የሸክላ ማሰሮ አምጥተው በአንገቱ ላይ እርጥብ የእርድ ተክል ከነቅጠሉና ከነሥሩ ያስሩበታል፤ በግቢውም ውስጥ ጉልቻ ጐልተው ፀሓይ በምትወጣበት አንጻር ይጥዱታል። ወተቱ ፈልቶ በማሰሮው አፍ ሲገነፍል ቤተ ሰቡ ሁሉ «ፖንጋሎ ፖንጋል» እያለ ይጮኻል፤ ፖንጋል ማለት ገንፍሎ መፍሰስ ማለት ነውና። በእኛ ቤት ወተት ሲገነፍል የሚከተለው ቍጣ ነው፤ በዚያ ግን ያልገነፈለ እንደ ሆነ ያዝናሉ። ከዚያም ከአዲሱ መከር አንድ ስኒ ሩዝ፥ ለእርሱም ሩብ ስኒ ያህል ጥቂት የታመሰ የማሾ ክክ ይጨምሩበታል። በሚገባ ሲበስል ከሸንኮራ ጭማቂ የተሠራውን ጥቁር ስኳር በጥቂት ውኃ አሟሙተውና አጥልለው ያፈሱበታል፤ በመጨረሻም ካሹና ዘቢብ በንጥር ቅቤ ጠብሰው ከተወቀጠ ሄል ጋራ ያዋሕዱታል። ጣዕሙ ለሕፃናት የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሲደግሙ አይቻለሁ።

ይህ ሥርዓት ከሂንዱ ሃይማኖት ጋራ የተያያዘ ነው። ሆኖም በታሚል አገር ያሉ አያሌ ካቶሊኮችም በቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ግቢ ማሰሮ ጥደው ለመከሩ ያመሰግናሉ። ሩዝ ለሁሉም በአንድ ማሳ ይበቅላልና።

በሦስተኛው ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ሴቶቹ ከሁሉ በፊት ይነሣሉ። በእርድ ቅጠል ላይ ነጭ፥ ቢጫና ቀይ የሆነ የሩዝ እንክብል በተራ በተራ አኑረው፥ ቁራዎችና ሌሎችም ወፎች መጥተው እንዲበሉት ይተዉላቸዋል። ይህንንም የሚያደርጉት ስለ ወንድሞቻቸው ጤናና ስለ ትዳራቸው በመለመን ነው። ያሳደሩኝ ሽማግሌ ባለቤት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ወንድማቸው በሩቅ ከተማ የሚኖሩ ሲሆን እርሳቸው ግን አንድም ዓመት ሳያስታጕሉ ለወፎቹ አኑረዋል። ወፎቹ ቶሎ የበሉ እንደ ሆነ ደስ ይላቸዋል።

ከዚህ በኋላ ቀኑ የከብቶቹ ሆነ። ሽማግሌው ሁለት የማረሻ በሬዎችና አንዲት የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ነበሯቸው። በጧት ወደ መስኖው ቦይ ወርደው በጭድ እያሹ አጠቧቸው፤ የእግራቸውን ሰኰና እንኳ አልተዉም። ጋጣው ተጠርጎ በእበት ተለቀለቀ። የበሬዎቹ ቀንድ ከተፋቀ በኋላ ቀለም መቀባት የልጅ ልጃቸው ሥራ ነበር፤ እርስዋም የኮሌጅ ተማሪ ስለ ሆነች የአያትዋን ንግግር በእንግሊዝኛ ታስተረጕምልኝ ነበር። አንዱን በሬ ቀንዱን ቀይና ሰማያዊ፥ ሁለተኛውን አረንጓዴና ቢጫ ቀባችው፤ በቀንዶቹም ጫፍ የናስ ቆብ ተደረገላቸው። በግንባራቸው እርድና ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት ተቀባ፤ በአንገታቸውም የአበባ ጕንጕንና ቃጭል ታሰረ። በዚህ ቀን በሬ አይጠመድም፥ ጅራፍም አይነሣበትም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ለበዓሉ ከሚሰጧቸው ስጦታዎች አንዱ አዲስ ገመድ መሆኑ ነው። ከበዓሉ አስቀድሞ በየገበያው የአፍንጫ ገመድ፥ የአንገት ገመድና የራስ ገመድ በልዩ ልዩ ቀለም ተሰቅሎ ይሸጣል፤ በማቱ ፖንጋልም ቀን አሮጌው ወልቆ አዲሱ ይታሰራል። አገልጋዩን የሚያከብር ሁሉ ነጻ ያወጣዋል ማለት አይደለም። ሽማግሌው ይህን አሳቤን በሰሙ ጊዜ ሳቁና፥ አሮጌ ገመድ አፍንጫ ይልጣል፥ አዲሱ ግን ለስላሳ ነው፤ ለበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም ብለው መለሱልኝ።

ወደ ማታ ጊዜ በግቢው ውስጥ ሌላ ማሰሮ ተጥዶ ለከብቶቹ ብቻ ተበሰለ። ሲበስል በሙዝ ቅጠል ላይ አፍስሰው፥ ሙዝና የሸንኮራ ጫፍ ጨምረው፥ በእጃቸው አጐረሷቸው። ካፉር አቃጥለው ነበልባሉን በከብቶቹ ፊት ዙሪያውን አዞሩት። ከዚያም ሽማግሌውና ባለቤታቸው፥ ልጃቸውና ምራታቸው፥ በተራ እየሄዱ የበሬዎቹን እግር ነክተው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አደረጉ። ሽማግሌው ዓመቱን ሙሉ ጅራፍ ያሳዩትን እንስሳ አንድ ቀን እጃቸውን ቢያሳዩት አይበዛበትም አሉኝ። ስለ አገሬም ጠየቁኝ። እኔም በተወለድሁበት አገር ገበሬ በሬውን በስም እየጠራና እያንጐራጐረ እንደሚያርስ፥ አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ እንደሚገባ፥ በበዓላትም ቀን ሰው ሲያርፍ በሬውም አብሮ እንደሚያርፍ ነገርኋቸው። ይህ መልካም ነው ብለው፥ ለበሬው የራሱ የሆነው ቀን የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁኝ። የሚያርፈው በሰው በዓል እንጂ የራሱ ቀን እንደሌለው በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።

በሬ ወደ እርሻ ስለ መጣበት ምክንያት የሚነግሩት ተረት አለ። ሺቫ የሚሉት አምላካቸው ናንዲ የሚባል ኮርማ ነበረው። አንድ ቀን «ወደ ምድር ወርደህ ሰዎች ዕለት ዕለት ዘይት ተቀብተው ይታጠቡ፥ በወር አንድ ጊዜ ይብሉ ብለህ ንገር» ብሎ ላከው። ናንዲም ቃሉን ገልብጦ፥ ዕለት ዕለት ብሉ፥ በወር አንድ ጊዜ ታጠቡ ብሎ ተናገረ። ሺቫ ተቈጥቶ፥ ይህን ሁሉ እህል ከየት ያገኛሉ? እንግዲህ አንተው ወርደህ እያረስህ አብላቸው ብሎ ፈረደበት። በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ለሚኖር ሰው ይህ ተረት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ትእዛዝ ተገልብጦ የተጻፈ እንደ ሆነ ዕዳው የት ድረስ እንደሚሄድ ያውቃልና። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው፥ በናንዲ ስሕተት የተጐዳው ናንዲ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ ዕለት ዕለት መብላትን አተረፉ። ስለዚህ በማቱ ፖንጋል የሚሰጠው ክብር ከምጽዋት ይልቅ ዕዳ የመክፈል መልክ አለው።

ቋንቋቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። ማዱ ማለት በታሚል ከብት ማለት ነው፤ በጥንቱ ቋንቋቸው ግን ሀብት ማለትም ነበር፤ ቲሩኩራል በተባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው ውስጥ በዚህ ትርጕም ተጽፎ ይገኛል። በእኛም ዘንድ ከብት የሚለው ቃል ላምና በሬን ብቻ ሳይሆን የሰውን ጥሪት ሁሉ ሲያመለክት ኖሯል። አሮጌ የውርስ ጽሑፍ ያነበበ ሰው፥ ከብት ሲል ገንዘብ ማለቱ ነው ወይስ በሬ ማለቱ ነው? እያለ መመራመሩ አይቀርም።

በታንጃቩር ከተማ ራጃራጃ ቾላ የተባለው ንጉሥ አሠርቶ በ1010 ዓመት የተፈጸመ ታላቅ መቅደስ አለ። በመቅደሱ ፊት ከአንድ ድንጋይ የተቀረጸ፥ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ የናንዲ ምስል ተኝቶ ይታያል፤ ይህ ምስል ከመቅደሱ በኋላ በሌሎች ነገሥታት ዘመን የተሠራ ነው። በማቱ ፖንጋል ዕለት ምስሉን በብዙ ኩንታል በሚቈጠር አትክልትና ፍራፍሬ ከራስ እስከ እግሩ ያለብሱታል፤ ኋላም ለተሰበሰበው ሕዝብ ይታደላል። በዚያም 108 ላሞች አበባ ደርድረው በአንድነት ይከበራሉ። ትዕይንቱ ታላቅ ነው፤ እኔን ግን የሽማግሌው ግቢ ይበልጥ ማረከኝ።

ከዚህ በዓል ጋራ የተያያዘ ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ጃሊካቱ የሚባለው ከኮርማ ጋራ የሚደረግ ግብግብ ነው። የስሙ ትርጕም በቀንድ ላይ የታሰረ የገንዘብ ቋጠሮ ማለት ነው፤ ቀድሞ ቋጠሮውን የፈታ ጐበዝ ገንዘቡን ይወስድ ነበርና። ስመ ጥሩዎቹ ስፍራዎች በማዱራይ ከተማ ዙሪያ ያሉት አቫኒያፑራም፥ ፓላሜዱና አላንጋናሉር ናቸው። ኮርማው ከጠባብ በር ይለቀቃል፤ ጐበዙም ሻኛውን ብቻ አቅፎ ይይዛል፤ ቀንዱንና ጅራቱን መያዝ ክልክል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የመቅደሱ ኮርማ ይለቀቃል፥ እርሱን ግን ማንም አይነካውም። ሰው የሚቈስልበት ብቻ ሳይሆን የሚሞትበትም ዓመት ብዙ ነው።

ይህ ነገር እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል፤ እኔም ሥራዬ በመዝገብ መካከል ስለ ሆነ ከሌላው ሁሉ አብልጬ ጠየቅሁ። የከሰሰው የእንስሳትን ደኅንነት እንዲጠብቅ በሕግ የተቋቋመው ቦርድ ነው። ኮርማዎቹ እንዲቈጡ ጅራታቸው ይጠመዘዛል፥ በዓይናቸው በርበሬ ይደረጋል፥ አረቄም ይጋታሉ ሲል ማስረጃ አቀረበ። ዳኞቹም በ2014 ዓመት ግብግቡን ከለከሉ፤ እንስሳ ያለ አስፈላጊ ምክንያት ከሚደርስበት ሥቃይ ተጠብቆ በክብር ሊኖር ይገባዋል ብለው ፈረዱ። በ2017 ዓመት በጥር ወር ግን እጅግ ብዙ ወጣቶች በቼናይ ከተማ ማሪና በሚባለው የባሕር ዳርቻ ተሰብስበው ቀንና ሌሊት ተቀመጡ፤ የክፍለ ሀገሩም ምክር ቤት በዚያው ወር በ23 ቀን ጃሊካቱን በደንብ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ ደግሞ ተከሶ፥ በ2023 ዓመት አምስት ዳኞች ተሰይመው አጸኑት።

በክርክሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ከልክሉ የሚለው ወገን ለኮርማው በማዘን ይናገራል። ፍቀዱ የሚለውም ወገን፥ ጃሊካቱ የተከለከለ እንደ ሆነ ኮርማ የሚያሳድግ አይገኝም፥ የአገሩም ዘር ይጠፋል እያለ ለኮርማው በማዘን ይናገራል። ሁለቱም ጠበቃው እኔ ነኝ ሲሉ፥ ባለ ጕዳዩ ግን አፍ የለውም። በእኔ አስተያየት የፊተኞቹ ዳኞች ስለ ሥቃዩ የተናገሩት እውነት ነው፤ የኋለኞቹ ተከራካሪዎች ስለ ዘሩ መጥፋት የተናገሩትም ሐሰት አይደለም። በ2019 ዓመት በተደረገው የከብት ቈጠራ በሕንድ አገር በጠቅላላው 192 ሚሊዮን ያህል ከብት ሲገኝ፥ የአገሩ ተወላጅ የሆነው ዘር ግን ካለፈው ቈጠራ በመቶ 6 እጅ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከውጭ አገር ዘር ጋራ የተዳቀለው የወተት ከብት ግን ጨምሯል። በ2025 ዓመት በአቫኒያፑራም ለምርጡ ኮርማ ባለቤት የተሰጠው ሽልማት ትራክተር ነው።

የጃሊካቱ ኮርማ ስሙ ይጠራል፥ ጠበቃም ያገኛል። ጭቃ ለጭቃ የሚያርሰው በሬ ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ አልተገኘም። በመንደሪቱ ዛሬ የሚያርሰው ትራክተር ነው፤ በሰዓት ሒሳብ ይከራዩታል፤ በበዓሉም ቀን እንደ ከብቶቹ ታጥቦ አበባ ታስሮበት አየሁት። የሽማግሌው በሬዎች ሥራ ጭድ ማጓጓዝና ትራክተር የማይገባባትን አንዲት ጥግ ማረስ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ልጃቸው የቤቱን ወጪ የሚይዘው እርሱ ነው፤ የሁለቱን በሬዎች ቀለብ በቍጥር አስልቶ፥ ከላሚቱ ወተት የሚገኘውን ትርፍ እንደሚበሉት አሳየኝ። ቍጥሩን እኔም ደግሜ ደመርሁት፤ ትክክል ነው።

ቀድሞ አራት በሬዎች ነበሯቸው። ሁለቱ የተሸጡት ልጅቱ ኮሌጅ በገባችበት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያዋ የተፈጸመው በእነርሱ ዋጋ ነው። ነጋዴው ወዴት እንደሚነዳቸው ቤተ ሰቡ ያውቅ ነበር፤ ፖላቺ የሚባል ታላቅ የከብት ገበያ አለ፥ ከዚያም ወደ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ወደ ኬራላ ለሥጋ ይሄዳሉ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ እያስተረጐመች የነበረችው እርስዋ ራስዋ ናት። ከተናገሩት ሁሉ ይህን ብቻ በአጭር ቃል አስተረጐመችው፤ አያትዋ ግን ብዙ እንደ ተናገሩ ሰምቻለሁ።

የቀሩትን ሁለቱን ስለ መሸጥ አባትና ልጅ ገና አልተስማሙም። ልጃቸው ቢያንስ ለሥጋ ነጋዴ ሳይሆን ለሚያርስባቸው ሰው እንስጥ ይላል። ሽማግሌው ግን በዚህ ወረዳ እንዲህ ያለ ሰው ከእኔ በቀር ማን ቀርቷል ብለው ይመልሳሉ። ባለቤታቸው በዚህ ነገር ከማናቸውም ጋራ አልወገኑም፤ በማቱ ፖንጋል ማታ ግን ለከብቶቹ የሚበስለውን ሩዝ ሲሰፍሩ፥ ልጃቸው ይበቃል ካለ በኋላ ሁለት እፍኝ ጨመሩ።

በአራተኛው ቀን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ጎረቤት መንደር ሄድን። ልጃቸው ሁሉንም በተከራየው መኪና ሊወስድ አስቦ ነበር፤ አያትየዋ ግን በጋሪ ካልሆነ አልሄድም ስላሉ፥ ሁለቱ በሬዎች ቀንዳቸው እንደ ተቀባ፥ አዲሱ ገመዳቸውም በአፍንጫቸው እንዳለ ተጠመዱ። አያትየዋና የልጅ ልጃቸው ከኋላ በጭድ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ከሽማግሌው ጎን ወጣሁ። መንገዱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን፥ በመንገድም ላይ መኪናው ሁለት ጊዜ አልፎን ሄዶ ሁለት ጊዜ ሲጠብቀን አገኘነው።